ራደሩ ነፋስ ያገኛል ወይ? ስለ ግላይደር ጅራትና ስለ ስፒን

ይሄ ፍራንክፈርት አካባቢ ላለን የአቪዬሽን ወዳጆችና የምህንድስና ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። የቀረጻው ድምፅ አልጠራ ስላለ "በጽሑፍ ይሁንልን" ተብዬ ነው የጻፍኩት፣ ከሞላ ጎደል እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ፣ ሰሌዳ ላይ በስዕል ያሳየሁትን ግን በቃል ለማስረዳት ትንሽ ጨመር አድርጌበታለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ግላይደር ያው ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ ርቀት ቫሰርኩፐ የሚባል 950 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፣ ከ1920 ጀምሮ ጀርመኖቹ ግላይደር እያወጡ ሲወዳደሩበት የኖሩበት ቦታ ነው፣ ሙዚየምም አለው፣ ያልሄዳችሁ ሂዱ። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ አንጋጦ ክንፉን ነው የሚያየው፣ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ያምራላ። እኔ ዛሬ ወደ ኋላ ወስጄ ጅራቱ ጋ ላቆማችሁ ነው። ጅራቱ ሁለት ክፍል አለው፣ ቋሚውና አግድሙ። ቋሚው ላይ በእግር ፔዳል የሚንቀሳቀሰው ራደር አለ፣ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል፣ አግድሙ ላይ ደግሞ በስቲክ፣ ማለትም በእጅ መሪው፣ የሚንቀሳቀሰው ኤሌቬተር አለ፣ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ያደርጋል። ግላይደር ስፒን ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ጅራቱ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውም እሱው ነው።

መጀመሪያ ስፒን ምንድነው የሚለውን ቶሎ ብለን እንለፈው። ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን አለ፣ አንግል ኦፍ አታክ የሚሉት፣ ይሄ ማዕዘን ከ15 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፣ ስቶል ይባላል። ስቶል ብቻውን ብዙም አያስፈራም፣ አፍንጫው ወደ ታች ይላል፣ ስቲኩን ትለቀዋለህ፣ በቃ ይበራል። ችግሩ የሚመጣው ስቶሉ ላይ አፍንጫው ወደ ጎን እየዞረ ከሆነ ነው። ያኔ አንዱ ክንፍ ይወርዳል፣ ሲወርድ ማዕዘኑ ይብስበታል፣ ስለዚህ የበለጠ ስቶል ያደርጋል የበለጠም ይጎትታል፣ ሌላኛው ክንፍ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚሄድ ማዕዘኑ ይቀልለታል፣ አሁንም ትንሽ ይሸከማል፣ እና ይሄ ልዩነት ራሱ ግላይደሩን ያሽከረክረዋል፣ ማንም ምንም ሳይነካው። ፍጥነት መለኪያው ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ ከፍታው ግን ይፈሳል። ፍጥነቱ እየጨመረ እየጨመረ ከሄደ ያ ስፒን አይደለም፣ ስፓይራል ዳይቭ ነው፣ ክንፉ ስቶል ሳያደርግ እየዞረ ቁልቁል የሚፈጥንበት፣ የሱ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ነው፣ ሁለቱን ማምታታት ሰው ይገድላል።

ግላይደር ለዚህ ነገር ለምን እንደሚቀርብ በቁጥር ላሳያችሁ። 18 ሜትር ክንፍ ያለው ግላይደር በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ሞቃት አየር ውስጥ እየዞረ ነው እንበል። የዙሩ ራዲየስ 64 ሜትር አካባቢ ይወጣል። የክንፎቹ ጫፎች ከመሀሉ በአግድም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ይርቃሉ፣ ስለዚህ የውስጠኛው ጫፍ በ81፣ የውጭኛው በ99 ነው የሚሄደው። አስቡት፣ ፓይለቱ መለኪያው ላይ 90 ያያል፣ ውስጠኛው ክንፍ ግን 81 ላይ ነው፣ እና ፓይለቱ ስቲኩን ትንሽ ሳብ፣ ውስጠኛውን ራደር ትንሽ ገፋ ቢያደርግ የትኛው ክንፍ ቀድሞ እንደሚለቅ መገመት አያቅታችሁም።

ስፒን እንዴት እንደሚወጣ ሰው ያወቀው በመከራ ነው። ኦገስት 25 ቀን 1912 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ዊልፍሬድ ፓርክ ሳልስበሪ ሜዳ ላይ አቭሮ የሠራውን ካቢን ያለው ድርብ ክንፍ አውሮፕላን እያበረረ ስፒን ገባ። ያኔ ከዚህ ነገር መውጫ አለው ብሎ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። ሞተሩን ሰጠው፣ ስቲኩን ወደ ራሱ ሳበ፣ ራደሩን ወደሚዞርበት አቅጣጫ ረገጠ፣ ማለትም ዛሬ አታድርጉ የሚባለውን ሁሉ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ መሬት ሊደርስ ሲል ራደሩን በተቃራኒው እስከ ጥግ ረገጠው፣ አውሮፕላኑም ቀጥ አለ። ያየው ሰው ብዙ ስለነበር ወሬው ተሰራጨ፣ የፓርክ ዳይቭ ተባለ። ፓርክ ራሱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በሌላ አደጋ ሞቷል። ከዚያ በ1917 ገደማ ፋርንቦሮ ላይ ፍሬደሪክ ሊንድማን የሚባል የፊዚክስ ሰው፣ በኋላ የቸርችል የሳይንስ አማካሪ የሆነው ማለት ነው፣ ራሱ አውሮፕላን ተምሮ ሆን ብሎ ስፒን ውስጥ እየገባ ቁጥሮቹን እያነበበ ለካው። ድፍረቱን ተዉትና፣ እየዞረ መለኪያ ማንበቡ ነው የሚገርመኝ።

እሺ፣ ራደር በተቃራኒው። ግን ራደር የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው አይደል? ወሬዬ በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለችው።

ስፒን ላይ ያለ ግላይደር ወደፊት እየበረረ አይደለም፣ በአብዛኛው እየወረደ ነው። ስለዚህ አየሩ የሚመጣው ከፊት ሳይሆን ከፊትና ከታች ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ አድርጋችሁ አስቡት። አሁን ጅራቱን ከጎን እዩት። አግድሙ ጅራት ታች ፊውዝላጁ፣ ማለትም የግላይደሩ አካል፣ ላይ ከተቀመጠ፣ ከታች የሚመጣው አየር መጀመሪያ እሱን ያገኛል፣ ይመታዋል፣ ይበጠበጣል፣ ያ የተበጠበጠ አየር ደግሞ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያርፈው ቋሚው ጅራትና ራደሩ ላይ ነው። ፓይለቱ ራደሩን እስከ ጥግ ቢረግጥ መንሽ ይዞ ከቤት ጀርባ ነፋስ በሌለበት ምርት እንደሚያዘራ ገበሬ ነው፣ ልፋቱ አለ፣ ገለባው ግን አይሄድም።

አሜሪካኖቹ ይሄን በደንብ አጥንተውታል። ቨርጂኒያ ላንግሊ ላይ በ1941 ሥራ የጀመረ ስፋቱ 20 ጫማ፣ ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ የቆመ የነፋስ ማማ አለ፣ አየሩ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን በእጅ እያሽከረከሩ ይወረውሩበታል፣ ሞዴሉ አየር ላይ ተንሳፎ ስፒን ያደርጋል፣ ሰዎቹ ቆመው ያዩታል፣ ይቀርጹታል። ከዚያ የወጣች አንዲት ቀላል ዘዴ አለች፣ ሰሌዳው ላይ የሳልኩት እሷን ነው። ከአግድሙ ጅራት የፊት ጠርዝ ተነስታችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ በ60 ዲግሪ አንድ መስመር ታሰምራላችሁ፣ ከኋላ ጠርዙ ደግሞ በ30 ዲግሪ ሌላ መስመር። በሁለቱ መስመሮች መሀል የወደቀ የራደር ክፍል እንደሞተ ቁጠሩት። ከመስመሮቹ ውጭ የቀረው፣ እና ከአግድሙ ጅራት በታች ያለው፣ እሱ ነው ሕይወት ያለው ራደር። በተጨማሪ ከአግድሙ ጅራት ሥር ያለው የፊውዝላጁ ጎንም ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ግላይደሩ ሲዞር ያ ጎን አየሩን እየገፋ ዙሩን ያዘገያል። እነዚህን አባዝተው ጅራቱ ስፒን የማቆም አቅሙ ይሄን ያህል ነው የሚል ቁጥር አወጡ። ብዙ ዓመት ሲሠራበት ኖሮ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ናሳ ቀላል አውሮፕላኖችን በእውን እያበረረ ሲፈትሽ ቁጥሩ ብቻውን እንደማይበቃ ታየ፣ የክንፉ ቅርጽ፣ የፊውዝላጁ ሥር ክብ ነው ወይስ ማዕዘናም የሚለው ሁሉ ውጤቱን ይቀይረዋል። ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች አስምሮ "ይሄ ግላይደር ይወጣል፣ ያ አይወጣም" ብሎ የሚፈርድ ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። ለማየት ግን፣ ቆሞ ያለ ግላይደር አጠገብ ሄዶ ራደሩ የት ጋ ነው አየር የሚያገኘው ብሎ ለማሰብ፣ ከሷ የተሻለ ነገር አላውቅም።

የጥንቶቹ አውሮፕላኖች ላይ ማስተካከያዎቹን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ታይገር ሞዝ እና ቺፕመንክ የሚባሉት የእንግሊዝ ማሰልጠኛዎች ከአግድሙ ጅራት ፊት ለፊት ፊውዝላጁ ላይ እንደ ቀጭን መደርደሪያ የተለጠፈች ነገር አላቸው፣ ስትሬክ ይሏታል፣ ለጌጥ አይደለችም፣ ለስፒን ተብላ በኋላ የተጨመረች ናት። ሌላው መፍትሔ ራደሩን ከአግድሙ ጅራት በታች እስከ ፊውዝላጁ ሥር ማውረድ ነው፣ የታችኛው ክፍል ምንም ሳይከለልበት ንጹሕ አየር እንዲያገኝ።

አሁን ወደ ግላይደሮቹ። ብላኒክ ኤል-13 የሚባለው የቼክ ግላይደር፣ በ1956 የበረረ፣ ሁለት መቀመጫ፣ ሙሉ በሙሉ ብረት፣ አግድም ጅራቱ ዝቅ ያለ ነው። የጀርመኑ ኤኤስኬ 13ም እንደዚያው። ፑሃች የሚባለው የፖላንዱ ደግሞ አግድሙን ቋሚው ጅራት ላይ ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል፣ መስቀል መሰል ማለት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፋይበርግላሱ ሲመጣ ግን ቀስ በቀስ አብዛኞቹ አግድሙን አናት ላይ ሰቀሉት፣ ቲ-ቴይል። ዛሬ ክለብ ብትሄዱ የምታዩት ኤኤስኬ 21፣ ዲጂ-1000፣ ሁሉም ቲ ነው።

ለምን ቲ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ ስፒን አይደለም ዋናው ምክንያት። ግላይደር የሚያነሳው አየር ካጣ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስንዴውም ገብሱም ዝቅ ያለውን አግድም ጅራት ይይዝና ይገነጥለዋል፣ አናት ላይ ከሆነ ግን አይነካውም። ሁለተኛ አናት ላይ ክንፉ ካበጠበጠው አየር ይርቃል፣ ቋሚውንም ጅራት ከላይ ስለሚከድነው ቋሚው ከቁመቱ በላይ ይሠራል። የሚያስከፍለው ዋጋም አለው፣ ሲያርፉ አንድ ክንፍ ሣር ይዞት ግላይደሩ መሬት ላይ ከዞረ ያ አናት ላይ ያለው ክብደት ቀጭኑን የጅራት ቱቦ ጠምዝዞ ይሰብረዋል፣ በየክለቡ የጥገና ቤት ውስጥ የዚህ ዓይነት ስብራት አይጠፋም።

ለስፒን ግን እንደ ድንገት መልካም ሆነ። አግድሙ አናት ላይ ስለሆነ የሚያበጠብጠው አየር ከራደሩ በላይ ነው የሚያልፈው፣ ራደሩ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነፋስ ያገኛል፣ ፓይለቱ ረገጥ ሲያደርግ ዙሩ ወዲያው ይሰማዋል። እዚህ ጋ አንድ ሰው "ቲ-ቴይል ዲፕ ስቶል ያመጣል ይባል የለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦክቶበር 22 ቀን 1963 ቢኤሲ ዋን-ኢለቨን የሚባለው ጄት በሙከራ በረራ ላይ እንደዚያ ሆኖ ወደቀ፣ የነበሩት ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ሰፊው ክንፍና ኋላ ያሉት ሞተሮች የበጠበጡት አየር አናት ላይ ያለውን ኤሌቬተር ዋጠው፣ ስቲኩን ቢገፉት ምንም። ግላይደር ላይ ግን ክንፉ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ ጅራቱ ደግሞ በጣም ሩቅ ነው፣ ሞተር የለም፣ ስለዚህ ያ የሞተ አየር በዚያ መልኩ ጅራቱን አይሸፍነውም። ፍርሃቱን ከጄት ወደ ግላይደር እንዳለ ማምጣት አያስኬድም። በሌላ በኩል ደግሞ ዝቅ ያለ ጅራት ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትሉ፣ ብላኒክ በ2010 ኦስትሪያ ላይ ክንፉ ተሰብሮ እስኪታገድ ድረስ ስንት አገር ስፒን የተማረበት ግላይደር ነው፣ ይገባል፣ ይወጣል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስፒን አልገባም ማለትና ከገቡ በኋላ መውጣት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ አንድ ጅራት የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን ላይመልስ ይችላል። ላለመግባት የሚረዳው ትልቁ ነገር የኤሌቬተሩ አቅም ውስን መሆኑ ነው። ስቲኩን እስከ ሆድህ ብትስበውም ኤሌቬተሩ ክንፉን ሙሉ ስቶል ውስጥ ይዞ ማቆየት ካልቻለ ስፒን መኖር አይችልም፣ ግላይደሩ አፍንጫውን ጣል እያደረገ ራሱ ይወጣል። ኤኤስኬ 21 እንደዚህ ነው፣ ከፊት ከበድ ያለ ሰው ከተቀመጠ ስፒን አድርግ ብትለው እምቢ ይላል፣ አንድ ግማሽ ዙር ዞሮ ወደ ስፓይራል ይቀየራል። ለዚህ ነው ስፒን ለማስተማር ሲፈለግ ጅራቱ ላይ ሆን ተብሎ የክብደት ብረት የሚታሰርለት። ዲጂ-1000 ደግሞ ቋሚው ጅራት ውስጥ ብረት የሚገባበት ሳጥን አብሮት ተሠርቷል።

ብረቷ ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች ትሉ ይሆናል። እናስላ። ጅራቱ ከክብደት ማዕከሉ 5 ሜትር ወደ ኋላ ነው እንበል፣ የፊት ፓይለቱ ደግሞ ከማዕከሉ 1.25 ሜትር ወደ ፊት። ሚዛኑን ለማስጠበቅ ጅራት ላይ ያለች 1 ኪሎ ከፊት 4 ኪሎ ትመዝናለች። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ግን ዙርን ለማቆም ሲሆን ርቀቱ በራሱ ይባዛል፣ 1 ኪሎ በ5 ሜትር 25 ይሆናል፣ ያንኑ 25 በ1.25 ሜትር ላይ ለማግኘት 16 ኪሎ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጅራት ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዷ ኪሎ ማዕከሉን ወደ ኋላ ትስበዋለች፣ ዙሩ ሲጀምርም ለማቆም እምቢተኛ ታደርገዋለች፣ ደግሞም ስፒን ላይ ጅራቱም አፍንጫውም ከመዞሪያው ዘንግ ወደ ውጭ መሸሽ ስለሚፈልጉ ግላይደሩ ጠፍጠፍ ብሎ እንዲዞር ይገፋፉታል። ጠፍጠፍ ባለ ስፒን ላይ ደግሞ ማዕዘኑ ስለሚጨምር የራደሩ የሞተ ክፍል ይሰፋል። ጅራቱ ተሰብሮ በሬዚን የተጠገነ፣ ቀለም የተደረበበት ግላይደር እንደገና ካልተመዘነ የማልነካው ለዚህ ነው፣ ሰዎች አጥብቀሃል ይሉኛል፣ ይበሉ።

ከዚህ የሚወጣው ደግሞ አንድ ግላይደር እንደተቀመጠበት ሰው ሁለት ግላይደር መሆኑ ነው። 95 ኪሎ የሚመዝን አስተማሪ ከተማሪ ጋር "ይሄ እኮ ስፒን አይገባም" እያለ ያሳያል፣ በሳምንቱ 58 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ብቻዋን ትወጣለች፣ የክብደት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ኤሌቬተሩ አሁን ክንፉን ስቶል ውስጥ ለመያዝ አቅም አለው፣ ግላይደሩ ይገባል። ማንም አልዋሸም፣ ግን ያየችውና የምታበረው አንድ አይደለም። ዝቅተኛ የፓይለት ክብደት የሚለው ፓነሉ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለዚህ ነው፣ ጎደሎውን በብረት የምትሞላውም ለዚህ ነው።

የውድድር ግላይደሮች ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ክንፋቸው ውስጥ ውሃ ይጭናሉ ፈጥነው ለመብረር፣ ያ ውሃ ማዕከሉን ትንሽ ወደ ፊት ስለሚያመጣው ለማመጣጠን ቋሚው ጅራት ውስጥም ትንሽ ታንክ አለ። ሲያርፉ ሁለቱም ይፈሳሉ። የክንፉ ፈስሶ የጅራቱ ቧንቧ ቢዘጋ ወይም ከፍታ ላይ ቢቀዘቅዝና በረዶ ቢሆንስ? ጅራቱ ከብዶ፣ ክንፉ ቀልሎ፣ ለማረፍ ዝቅ ብለህ በቀስታ እየዞርክ ነው። ብዙ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የጅራቱ ታንክ ከክንፉ በፊት ወይም አብሮ እንዲፈስ የሚጠበቅበት ምክንያት ይሄ ነው።

ታዲያ ራደሩን ለምን አያሳንሱትም፣ ስፒን የሚያስገባው እሱ ከሆነ? ሞተር ባላቸው ላይ ተሞክሯል። ፍሬድ ዊክ የሚባል አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኤርኩፕ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ሠራ፣ የራደር ፔዳል የላትም፣ ኤሌቬተሯ ወደ ላይ ከ13 ዲግሪ በላይ አይሄድም፣ ስፒን ማድረግ አትችልም ተብላ ፈቃድ አገኘች። ግላይደር ላይ ግን ይሄ አይሆንም። ረጅም ክንፍ ላይ ኤይለሮን፣ ማለትም ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለውን ማጋደሚያ፣ ስትሰጥ የሚነሳው ክንፍ ይጎተታል፣ አፍንጫው ወደ ማትፈልገው ጎን ይሄዳል፣ እሱን ለመመለስ ትልቅ ራደር የግድ ነው፣ ያለ ጠንካራ ራደር ግላይደር በአግባቡ መዞር አይችልም። ስለዚህ ዲዛይነሩ መድኃኒቱንና በሽታውን አንድ ፔዳል ላይ አስሮ ነው የሚሰጥህ። ወደ ማረፊያው የመጨረሻውን ዙር ስትዞር ሜዳው ካለፈህ፣ መጋደም ፈርተህ አፍንጫውን በራደር ብቻ ልጎትተው ካልክ፣ ያው ጥሩ ራደር በጥሩ ሁኔታ ስፒን ያስገባሃል፣ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚወጣ ሰው የለም።

አወጣጡን አሁን ጅራቱን እያሰብን እንየው። ኤይለሮን መሀል። ራደር ሙሉ በሙሉ ከዙሩ በተቃራኒ። ከዚያ ስቲክ ወደ ፊት፣ ዙሩ እስኪቆም። ዙሩ እንደቆመ ራደር መሀል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከዳይቩ መውጣት። ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀው "እግር ለምን ይቀድማል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ባደርግስ?" ነው። ስቲኩን ቀድመህ ስትገፋ ዝቅ ያለ ጅራት ባላቸው አንዳንዶቹ ላይ የወረደው ኤሌቬተር ራደሩን የበለጠ ይከልለዋል። ቲ ላይ ይሄኛው የለም፣ ግን ሌላኛው አለ፣ ራደሩ ዙሩን ሳያዳክመው አፍንጫው ወደ ታች ሲሄድ ክብደቱ ወደ መዞሪያው ዘንግ ስለሚሰበሰብ ዙሩ ይፈጥናል። መሬቱ ፊትህ ላይ በእጥፍ ሲዞር ምን ታደርጋለህ? ስቲኩን መልሰህ ትስባለህ፣ ሰው ነህ። ቅደም ተከተሉ ለጅራቱም ለሰውየውም ተብሎ የተሠራ ነው።

ይሄ ማለት ግን ስቲኩ ሁለተኛ ደረጃ ነው ማለት አይደለም። ከላንግሊው ማማ የተገኘው አንዱ ትልቅ ነገር ክብደቱ በክንፉ ላይ የተዘረጋ አውሮፕላን ከስፒን ሲወጣ ኤሌቬተሩ በጣም ወሳኝ መሆኑ ነው። ግላይደር ደግሞ ክንፍ ማለት ነው፣ በተለይ ረጅሞቹ። ራደር ብቻ ረግጦ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሊጠብቅ ይችላል።

ከወጡ በኋላ ያለው ነገር ብዙ አይወራለትም። ግላይደሩ አሁን አፍንጫው ወደ ታች ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሚይዘው ነገር የለም፣ ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ቀይ መስመር፣ ማለትም የተፈቀደው የመጨረሻ ፍጥነት፣ ይደርሳል። ጁላይ 13 ቀን 1999 ኔቫዳ ሚንደን አካባቢ ክንፉ 26.5 ሜትር የሆነ ኒምበስ 4ዲኤም አየር ላይ ተሰባብሮ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፣ መርማሪዎቹ የደረሱበት ስፒን ወይም ስፓይራል ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ከተፈቀደው ፍጥነት ማለፉንና ኤሌቬተሩ ከመጠን በላይ መሳቡን ነው። ጠንካራ ኤሌቬተር ከስፒን ያወጣሃል፣ ያው ኤሌቬተር በዚያ ፍጥነት ክንፍ ይሰብራል። የአውሮፓው ሲኤስ-22 የሚባለው የግላይደር ደንብም ይሄን አውቆ ነው፣ ቢያንስ አምስት ዙር ወይም ስፒኑ ራሱ ወደ ስፓይራል እስኪቀየር ድረስ ተሽከርክሮ በመደበኛው አወጣጥ መውጣት አለበት ይላል፣ ሲወጣም የፍጥነትና የጫና ገደቡን ሳያልፍ።

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ የብዙ ክለቦች ማሰልጠኛ ስፒን እምቢ የሚል ቲ-ቴይል መሆኑ ደስ አይለኝም። አምራቾቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ደህና ግላይደር ነው የሠሩት። ግን ተማሪው ስፒንን በወሬ ብቻ አውቆ ፈቃዱን ይይዛል፣ ከዚያ አንድ መቀመጫ፣ ፈጣን፣ ማዕከሉ ወደ ኋላ የተስተካከለ ግላይደር ይገዛል፣ እና የመጀመሪያ ስፒኑን ብቻውን ያገኘዋል። ክለቡ ብረቶቹን ከመደርደሪያ አውርዶ ጅራቱ ላይ አስሮ ቢያንስ በዓመት አንዴ በበቂ ከፍታ ከአስተማሪ ጋር ቢያስገባው ምን ነበረበት? ብዙ ቦታ ብረቶቹ አቧራ ጠጥተው ነው ያሉት።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጨምር። አንዱ ስለ ቪ-ቴይል ነበር፣ ሼምፕ-ሂርት በ1960ዎቹ የሠራው ኤስኤችኬን የመሰሉት። ቪ ላይ ሁለቱ ክንፎች ራደርም ኤሌቬተርም ናቸው፣ ስለዚህ ሙሉ ራደርና ስቲክ ወደ ፊት አንድ ላይ ስትጠይቀው አንደኛው በኩል ሁለቱ ትእዛዝ ይደመራል፣ ሌላኛው በኩል ይጠፋፋል፣ አንዱ ጥግ ሲደርስ ሌላው ባዶ ይሆናል። ሊሠራ ይችላል፣ በደንብ የሚወጡ አሉ፣ ግን ዲዛይነሩ ያንን ቅልቅል በጥንቃቄ ነው ማስተካከል ያለበት፣ እየተስፋፋ ያልሄደበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው አንዲት እህት የጠየቀችው ነው፣ "እኔ አጭር ነኝ፣ ለኔ ለየት ያለ ነገር አለው ወይ?" አዎ አለው። ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ ራደሩ ጥግ ድረስ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ ነው፣ ግማሽ ራደር ግማሽ መድኃኒት ነው። ቀበቶሽን ካጠበቅሽ በኋላ፣ ከማጥበቅሽ በፊት አይደለም፣ ግራውንም ቀኙንም ፔዳል ማቆሚያው ላይ ገጭ እስኪል ድረስ ርገጪው፣ ውጭ የቆመ ሰው ደግሞ ራደሩን እያየ "ደርሷል" ይበልሽ። ጉልበትሽ ተዘርግቶ አልቆ ፔዳሉ ገና የሚቀረው ከሆነ ፔዳሉን ወደ አንቺ አምጪው ወይም ከጀርባሽ ጠንካራ ትራስ ጨምሪ፣ ለስላሳ ስፖንጅ አይሆንም፣ ስትረግጪ ይጨመቅና ወደ ኋላ ትሄጃለሽ።